ከአቦል እስከ ቶና፦ የቀን ውሎን ሳያቋርጡ ለመጻፍ

ሳጥኔ ውስጥ አምስት ደብተሮች አሉ። አምስቱም መስከረም ላይ ተጀምረው ኅዳርን ሳያዩ የቀሩ ናቸው። የመጀመሪያ ገጻቸው ያምራል፤ ቀኑ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ ከሥሩ ተሰምሮበታል፣ የእጅ ጽሕፈቱም ተጠንቅቄ የጻፍኩት መሆኑ ያስታውቃል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይሳሳል። ከዚያ «ያለፉትን አራት ቀናት ቅዳሜ ቁጭ ብዬ አሟላለሁ» የሚል መስመር ይመጣል። ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ ባዶ ነው።

ስድስተኛው ደብተር ግን እስከ መጨረሻው ሉክ ተሞላ። ከዚያ ወዲህ የጀመርኩትን ደብተር ሳልጨርስ ቀርቼ አላውቅም። «እንዴት ቻልሽው? እኔ እኮ ሳምንት አልዘልቅም» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ነው ይህን የምጽፈው። በአምስተኛውና በስድስተኛው ደብተር መካከል ጎበዝ አልሆንኩም፣ ትርፍ ጊዜም አላገኘሁም። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ ጠዋት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ፣ ቤት ስገባ ደክሞኝ ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደብተሩን ዕዳ ማድረግ ተውኩ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህች የመጣ ነው።

መጀመሪያ ምክንያታችሁን ያዙ

እዚህ የማወራው ስለ ውሎ ነው። ልብ ወለድ ወይም ግጥም መጻፍ የምትፈልጉ ከሆነ ያ ሌላ ሥራ ነው፣ ሌላ ድካምም አለው። ውሎ ለራስ ነው የሚጻፈው። ቢሆንም ለምን እንደምትጽፉ ካላወቃችሁ ሁለተኛው ሳምንት ላይ «ምን ይሠራልኛል?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

እኔን የገፋኝ 2014 ነው። የዚያን ዓመት ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ብዙ ቤተሰብ ከቤቱ ወጣ፤ መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ ዝግ ነው። እኛም ወጣን። ያን ጊዜ አንድም መስመር አልጻፍኩም። ከወራት በኋላ ቡና ላይ ተሰብስበን ስናወራ፣ የወጣንበትን ቀን እናቴ ዓርብ ነው ትላለች፣ ወንድሜ አይ ቅዳሜ ነው ይላል፣ መጀመሪያ ያደርንበትን ቦታ እንኳ ሁላችንም የምናስታውሰው ለየብቻ ነው። አንዲት ሴትዮ በሯን ከፍታ አስገብታናለች። ሽሮ አቅርባልናለች፣ የራሷን ጋቢ ለእናቴ ሰጥታለች። ስሟን ጠይቀናት ነግራናለች። ዛሬ ማናችንም ስሟን አናውቀውም። የጻፈው ሰው የለማ። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

የእናንተ ምክንያት እንዲህ ከባድ መሆን የለበትም። ልጄ አፍ ስትፈታ የምትለውን መያዝ እፈልጋለሁ፣ ገንዘቤ የት እንደሚሄድ ማየት እፈልጋለሁ፣ ሐሳቤ ይጠራልኝ፤ ሁሉም ይሆናል። ብቻ በአንድ መስመር ጻፉትና የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ አስቀምጡት። ሰው አያየውም።

ዕቃው

ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ሁለት እስክሪብቶ፤ አንዱ ቀለሙ ሲያልቅ ሰበብ እንዳይሆናችሁ። ወፍራም ቆዳ የለበሰ አጀንዳ አትግዙ። እኔ አንድ ጊዜ ፒያሳ ካለ ሱቅ ገዝቼ ነበር፤ እንዳይበላሽ እየሳሳሁ የረባ ነገር ሲገኝ እጽፍበታለሁ ስል እስካሁን አራት ገጽ ብቻ ነው የተጻፈበት።

በስልክ ይሁን በወረቀት? እኔ ወረቀት ነው የምመርጠው። ስልኩን ለመጻፍ ከፍቼ መልዕክት አያለሁ፣ ከዚያ ቲክቶክ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት አልፏል። ደብተር ውስጥ ከደብተር ሌላ የሚያስገባ በር የለም። መንገድ ላይ የሰማሁትን ላለመርሳት ግን ቴሌግራም ላይ ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ ለራሴ ሁለት ቃል እልካለሁ፤ ማታ ወደ ደብተሩ ይገባል።

ወሎ ከድሮም የጸሐፊ አገር ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት፣ በመጻሕፍቱ የታወቀ ገዳም ነው። በሌላ በኩል የወሎ ሼሆች መንዙማቸውን በአማርኛ ገጥመው በዓረብኛ ፊደል፣ በዐጀም፣ ሲጽፉ ኖረዋል። እኔ ከብራና ጸሐፊዎች አንድ ነገር ወስጃለሁ። የብራና ጸሐፊ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ከመንከሩ በፊት ብራናውን በወስፌ እየወጋ ምልክት ያደርግና መስመሩን ያሰምራል። ለመጻፍ ሲቀመጥ ገጹ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። እኔም ማታ ጽፌ ስጨርስ ከሥር መስመር አሰምርና የነገውን ቀን እጽፋለሁ። «ረቡዕ፣ ሐምሌ 10» ብቻ። በማግስቱ ደብተሩን ስከፍት ገጹ ባዶ አይደለም፤ የሆነ ሰው ቦታ ይዞልኛል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ከሁሉም በላይ ያገዘችኝ ግን እሷ ናት፣ ዛሬውኑ ሞክሯት።

ሰዓት አትቁረጡ፣ ከአንድ ነገር ጋር እሰሩት

መጀመሪያ «ማታ 3 ሰዓት» ብዬ ነበር። አልሆነም። 3 ሰዓት ላይ ወይ እንግዳ አለ፣ ወይ መብራት ይጠፋል፣ ወይ እንቅልፍ ቀድሞኛል። ሰዓት ካመለጠ አመለጠ ነው፤ 3 ሰዓት ከ20 ሲሆን «በቃ ዛሬ አለፈኝ» ብዬ እተኛለሁ።

ቀጥሎ የሞከርኩት ጠዋት መናኸሪያ ላይ ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ አለ፣ ረዳቱ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!» ሲል አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ይሄዳል። መኪናው እየሄደ መጻፍማ የማይታሰብ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ ሐረጎ ላይ ያለውን ጥምዝምዝ የሚያውቅ ያውቀዋል። እስክሪብቶው ከመስመር መውጣቱ ሳያንስ ሆድም ይረበሻል። ቆሞ እያለ ግን ጥሩ ነበር፣ ለአንድ ወር ያህል ሠራልኝ። ችግሩ ሰኞ ሰኞ ነው። እኔ ስገባ ይሞላል፣ ወዲያው ይነሳል፣ መጻፉ ይቀራል። እሑድ ደግሞ ሥራ የለም፣ መናኸሪያም የለም።

ከዚህ የተማርኩት፦ የምታስሩበት ነገር በየቀኑ፣ እናንተ ሳትለፉበት፣ በራሱ የሚመጣ መሆን አለበት። በእኛ ቤት እንደዚያ ያለው ነገር የማታ ቡና ነው። ሰው ታሞ እንኳ ቡናው አይቀርም። ስለዚህ አቦል ተቀድቶልኝ ስጨርስ ደብተሩን አነሳለሁ፣ ቶናው ሲቀርብ እዘጋለሁ። በመካከሉ አሥር ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። በረካ የጨዋታ ነው፣ እሱ ላይ ደብተር አይያዝም።

እናቴ መጀመሪያ ላይ ደስ አላላትም። «ቡና ላይ ምን ይጻፋል? ሰው ተቀምጦ!» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። እንግዳ ባለበት ደብተር መክፈት ነውር ነው፣ ሰውየው ስለኔ ነው የምትጽፈው ብሎም ያስባል። ስለዚህ እንግዳ ባለ ቀን ሲኒው ሲታጠብ ሁለት ሦስት መስመር እጽፋለሁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ምን ሆነ፣ አንድ ማታ ረስቼው ቁጭ ብያለሁ፣ እናቴ ራሷ «ደብተርሽስ?» አለችኝ። ያኔ ነው ነገሩ እንደያዘልኝ ያወቅኩት። አሁንማ «ያንን ጻፊው እንጂ፣ ዛሬ ወፍጮ ቤት የሆነውን!» እያለች ታሳስበኛለች።

ቡና የማይፈላበት ቤት ካላችሁ ሌላ ፈልጉ። ሱብሒ ሰግዶ የሚቀመጥ ሰው አለ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጸጥታ ለመጻፍ የሚሆነውን ያህል ሌላ የለም። ከኪዳን ሲመለስም እንደዚያው። ባለሱቅ ከሆናችሁ ማታ የቀኑን ሽያጭ ቆጥራችሁ ስትጨርሱ፣ ደብተሩ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ይኑር። ተማሪ ከሆናችሁ ስልካችሁን ቻርጅ ልታደርጉ ስትሰኩ። ከዚያ እንዲህ ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ «ይህን ካደረግኩ በኋላ፣ እዚህ ቦታ ተቀምጬ፣ እጽፋለሁ።» ቦታውንም ጥቀሱት። እኔ ማታ የምቀመጥባትን ዱካ ሳይ እጄ ራሱ ደብተሩን ይፈልጋል።

ሦስት መስመር

በቃ ሦስት መስመር። ገጽ አይደለም።

ይህን ስል «ሦስት መስመር ምን ይሆናል?» የሚለኝ አለ። ደስ ካላችሁ ሁለት ገጽ ጻፉ፣ የሚከለክላችሁ የለም። ግዴታው ግን ሦስት መስመር ሆኖ ይቀራል። አንድ ሳምንት በደንብ ስለጻፋችሁ «እንግዲህ ከአሁን በኋላ በቀን አንድ ገጽ» አትበሉ፤ እኔን ሁለት ጊዜ የጣለኝ ይኸው ነው። መጠኑን ስትወስኑ የምታስቡት ደህናውን ቀን አይደለም። ከለቅሶ የተመለሳችሁበትን፣ ጉንፋን የያዛችሁን፣ መብራት የጠፋበትን ቀን ነው። በዚያ ቀን የምትችሉት ስንት ነው? እሱ ነው መጠናችሁ። አንድ ቀን የጻፍኩት እንዳለ ይኸውላችሁ፦ «ከለቅሶ አሁን ገባን። እግሬ አብጧል። ሻማው እያለቀ ስለሆነ ይብቃኝ።» ሦስት መስመር ነው፣ ተቆጥሯል።

ግን ምን ይጻፋል?

«ምንም የተለየ ነገር አልተፈጠረም» የሚለው ነው ትልቁ እንቅፋት። ልዩ ነገር የምንጠብቅ ከሆነ ደብተሩ በዓመት አራት ጊዜ ነው የሚከፈተው። በድሮ ደብተሬ ብጽፈው ኖሮ እንዲህ ይሆን ነበር፦

«ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9፣ 2016። ዛሬ ዝናብ ነበር። ሥራ ውዬ መጣሁ። መንገዱ አስፈሪ ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ገባሁ።»

ውሸት የለበትም፤ ግን ከዓመት በኋላ ሳነበው ምንም አላይበትም። የጻፍኩት ይህን ነው፦

«ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9፣ 2016። ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ሹፌሩ መስኮቱን አውርዶ አንገቱን አውጥቶ ነው የነዳው። ከኋላዬ ያሉ እናት ያ ረቢ፣ ያ ረቢ ይላሉ፤ አጠገባቸው ያለችው ነጠላዋን አጣፍታ ታማትባለች። ኮምቦልቻ ስንደርስ ፀሐይ ነው። ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወረዱ። አይተዋወቁም ነበር።»

«ፈራሁ» የሚል ቃል የለበትም። ሳነበው ግን ብርዱ ይመጣብኛል። ልዩነቱ ዓይን ያየውና ጆሮ የሰማው መግባቱ ነው። እጃችሁ ሲያመነታ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ዛሬ ማን ምን አለ፣ በራሱ አፍ እንዴት አለው? ምን ገዛሁ፣ በስንት? ዛሬ ያየሁትና ትናንት ያልነበረው ምንድነው? የሁለተኛው ጥያቄ ነገር ችላ አይባል። የሽንኩርቱና የታክሲው ዋጋ ዛሬ ተራ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ከሁሉም በፊት የምታነቡት እሱን ነው።

በምትናገሩበት አማርኛ ጻፉት። የወሎን አነጋገር መጽሐፍ ለማስመሰል አታስተካክሉት። እናቴ የምትለውን እንዳለችው ነው የማሰፍረው፤ ሳነበው ድምጿ ይሰማኛል። የተሳሳተ ፊደል ላይ አትቁሙ፣ ገጽም አትቅደዱ። አንድ ገጽ የቀደደ ሰው ነገ ሌላውን ይቀድዳል።

የዘለላችሁት ቀን

ልብ ብላችሁ እንድታነቡልኝ የምፈልገው እዚህ ላይ ያለውን ነው።

ትዘላላችሁ። ጥር ላይ ሰርግ ይደራረባል፣ ረመዳን ሲገባ የቡናው ሰዓት ይቀየራል፣ ሰው ይታመማል። መዝለሉ አይደለም ልማዱን የሚገድለው። የሚገድለው የተዘለለውን ልክፈል ማለት ነው። አራት ቀን ያልጻፈ ሰው አምስተኛው ቀን ላይ ደብተሩን ሲያይ የሚታየው ሦስት መስመር አይደለም፣ የአምስት ቀን ሥራ ነው። ስለዚህ አይከፍተውም። በስድስተኛው ቀን ዕዳው አድጓል። በአሥረኛው ቀን ደብተሩን ወደ ሳጥን ያወርደዋል፣ ዓይኑ እንዳያየው። የእኔ አምስት ደብተሮች የሞቱት በዚህ ነው።

ስለዚህ ያለፈውን አትክፈሉ። ባዶ ቦታም አትተዉለት፤ ባዶ ቦታ «ሙላኝ» ይላል። የዛሬን ቀን ጻፉና ከዛሬ ቀጥሉ። በመካከሉ የማይታለፍ ነገር ከነበረ በአንድ መስመር «ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ አገባች» ይበቃል። ይቅርታም አትጠይቁ። ድሮ «ሰነፍኩ፣ ከአሁን በኋላ ግን» እያልኩ ግማሽ ገጽ እጨርስ ነበር፤ ያ የሚጻፈው ድካም እንጂ ውሎ አይደለም።

ይህ የእኔ ሐሳብ ብቻ አይደለም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ 96 ሰዎች አንድ አዲስ ነገር መርጠው በየቀኑ እንዲያደርጉ ተጠይቀው ነበር። ነገሩ ሳያስቡት የሚመጣ ልማድ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል፤ በተመራማሪዎቹ ስሌት ከ18 እስከ 254 ቀን፣ መካከለኛው 66 ቀን አካባቢ። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ሂደቱን እምብዛም አልጎዳውም። «በ21 ቀን ልማድ ይሆናል» ሲባል ሰምታችሁ በ22ኛው ቀን አሁንም ከበዳችሁ ከሆነ፣ ችግሩ እናንተ ጋ አይደለም። ገና ነው፣ ጊዜ ስጡት።

እኔ የያዝኩት አንድ ጥብቅ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ሁለት ቀን ተከታትሎ ካለፈኝ በሦስተኛው ቀን የማታውን ቡና ሳልጠብቅ ጠዋት ከቤት ሳልወጣ አንድ መስመር እጽፋለሁ። አንድ መስመር፣ ቆሜም ቢሆን።

ከባድ ነገር ሲመጣ

ውሎ ስትጽፉ አንድ ቀን ሳታስቡት የቆየ ቁስል ላይ ትደርሳላችሁ። እኔ ስለ 2014 ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ጄምስ ፔኔቤከር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመው ጥናት አለ፤ ተማሪዎች የደረሰባቸውን ከባድ ነገር በቀን 15 ደቂቃ ለአራት ተከታታይ ቀናት እንዲጽፉ ተደረገ። የሆነውንና የተሰማቸውን አጣምረው የጻፉት፣ ጽፈው እንደጨረሱ ስሜታቸው ከብዶ ነበር፤ በቀጣዮቹ ወራት ግን ሐኪም ጋ የሄዱት ተራ ነገር ከጻፉት ያነሰ ጊዜ ነው።

ከዚህ የያዝኩት ልኩን ነው። ሩብ ሰዓት፣ ከዚያ መዝጋት፣ ከዚያ ሰው መሀል መቀመጥ። ሌሊት ብቻችሁን ሆናችሁ አትጀምሩት። እየጻፋችሁ የባሰ የሚጨልምባችሁ፣ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ ተዉት፤ ለምታምኑት ሰው ወይም ለሐኪም ንገሩ። ደብተር የሐኪምን ቦታ አይይዝም።

የሚስጥሩ ነገርም አለ። ሰው ያነበዋል ብላችሁ ከፈራችሁ እውነቱን አትጽፉም። እኔ ለቤተሰቡ በግልጽ «ይህ የኔ ነው፣ እንዳይነካብኝ» ብዬ ተናግሬያለሁ፣ ሳጥኑም ቁልፍ አለው። የሰው ገመና ሲሆን ስም አልጽፍም። እናንተ የምትኖሩበት ቤት ይህ የማይሆን ከሆነ፣ ከባዱን በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ አስወግዱት፤ ደብተሩ ውስጥ «ስለዚያ ነገር ጻፍኩ» ብቻ በሉ።

መልሶ ማንበብ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ወደ ኋላ አትመልከቱ። ያሳፍራችኋል፣ ታቆሙታላችሁ። እኔ የማነበው ጳጉሜን ላይ ነው። አምስት ቀን፣ አንዳንዴ ስድስት፣ ከዓመቱ ውጭ የተተወች የምትመስል ጊዜ ናት፤ ለዚህ ሥራ የተሰጠች ይመስለኛል። የዓመቱን ደብተሮች አወጣለሁ፣ ሽፋናቸው ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ብዬ እጽፋለሁ፣ ገጾቹን በስልክ ፎቶ አንስቼ አስቀምጣለሁ፤ ውሃም አይጥም አለ። ከዚያ ማታ ማታ ቡና ላይ የሚነበበውን መርጬ ለቤቱ ሰው አነባለሁ።

ባለፈው ጳጉሜን ያቺን የሐረጎን ጉም ሳነብላቸው፣ እናቴ ጀበናውን እንደያዘች ቆም አለች። «ያቺ ሴትዮ እኮ» አለች፣ «ሽሮውን ያቀረበችልን በሰማያዊ ሳህን ነው። ጠርዙ ተልጦ ነበር። አፍሬበታለሁ ብላ አዙራ ሰጠችኝ።» ወንድሜ ቀና አለ፤ አዎ፣ ሰማያዊ ነበር አለ። አቦሉ ገና አላለቀም ነበር። ደብተሩን ከፈትኩ፣ ቀኑ ከማታው ተጽፎ ይጠብቀኛል፤ ከሥሩ ሳህኑን አሰፈርኩት።